ኮሌራ፣ ጨውና ደም፤ ከቆራጣ እስከ ደብረ ታቦር

በ1858 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ጣና ዳር ያለችው ቆራጣ በኮሌራ ተመታች። በሽታው ዘጌ አጠገብ ወደሰፈረው የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊትም ተዛመተ። ንጉሠ ነገሥቱ ይዘዋቸው ከነበሩት አውሮፓውያን አንዱ፣ ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ፣ ሠራዊቱ የሐይቁን ዳር ለቆ ወደ በጌምድር ደጋ እንዲወጣ መከረ። ምክሩ ተሰማ፤ ጉዞው ወደ ደብረ ታቦር ሆነ። ከተበከለ ውኃ መራቁ መልካም ነበር፤ አስቀድሞ የታመመውን ግን ደጋ አያድነውም።

በሽተኛውን ምን እንደሚገድለው ከዚያ 34 ዓመት ቀድሞ ታውቆ ነበር። የ22 ዓመቱ አይርላንዳዊ ሐኪም ዊሊያም ኦሻውኔሲ እ.ኤ.አ. በ1831 መጨረሻ ሰሜን እንግሊዝ ሄዶ የኮሌራ ሕሙማንን ደም መረመረ። ከደሙ ውኃና ጨው ጎድሏል፤ የጎደለው ጨው ደግሞ በተቅማጡ ውስጥ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1832 ስኮትላንዳዊው ሐኪም ቶማስ ላታ የጨው ውኃ በደም ሥር ሰጠ። የመጀመሪያዋ ታካሚ፣ አንዲት አሮጊት፣ ነፍስ ዘራች፤ ተቅማጡ ሲመለስባት ግን ፈሳሹ አልተደገመላትምና ሞተች። ብልሃቱም ብዙ ሳይቆይ ተተወ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ በሚመነዘርበት አገር ሰው ጨውና ውኃ አልቆበት ሞተ።

ዛሬ ደብረ ታቦር ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና ሐኪሞች የሚያሠለጥን ዩኒቨርሲቲ አላት። እንዲህ ባለ ሆስፒታል የሚደረገው የደም ኤሌክትሮላይት ምርመራ የሚለካው ኦሻውኔሲ የፈለጋቸውን ጨዎች ነው፦ ሶዲየም (በአዋቂ በአብዛኛው ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል በሊትር)፣ ፖታሲየም (ከ3.5 እስከ 5)፣ ክሎራይድና ባይካርቦኔት። ፖታሲየም ከልክ ሲወርድም ሲወጣም የልብ ምት ይዛባል። ናሙናው ሲቀዳ የደም ሕዋሳት ከፈረሱ ፖታሲየሙ በሐሰት ከፍ ብሎ ይታያል፤ ያኔ ደም ደግሞ መስጠት ግድ ነው።

አንድ ነገር ግን ብዙዎች ይስቱታል። ቁጥሩ የሚናገረው ጨው በደሙ ፈሳሽ ውስጥ ምን ያህል እንደሆነ እንጂ ሰውነት በጠቅላላው ምን ያህል እንዳጣ አይደለም። በኮሌራ ውኃና ጨው አብረው ስለሚወጡ፣ ዓይኑ የጎደጎደና ሽንቱ የቆመ ሰው ሶዲየሙ ደህና ሊባል ይችላል። ስለዚህ አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ሲይዝ የምርመራ ውጤት አይጠበቅም፤ በሽተኛው ወደ ጤና ተቋም እየተወሰደም ኦአርኤስ፣ ማለትም በውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የግሉኮስ ዱቄት፣ ይጠጣል። በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ከሚበጠበጠው ውስጥ 2.6 ግራሙ የገበታ ጨው፣ 13.5 ግራሙ ግሉኮስ ነው። ግሉኮሱ ለማጣፈጫ አልገባም፤ በኮሌራ የተጎዳ አንጀት እንኳ ሶዲየሙን ከግሉኮስ ጋር ሲያገኘው ይቀበለዋል፣ ውኃውም ይከተለዋል።