የዛገ ካምሻፍትና የባለሙያ ፍርድ

በጉለሌ የሚገኘው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1946 ሲከፈት፣ የተሰየመው በ1941 ከአርበኞች ጋር በጎጃም በኩል በዘመተው እንግሊዛዊ መኮንን ነበር። ትምህርት ቤቱ በኋላ የሙያ ማሠልጠኛ ሲሆን፣ ብዕር የለመደው እጅ መፍቻ ጨበጠ።

ለእንዲህ ያለው እጅ የዛገ ካምሻፍት ጥሩ ፈተና ነው። አል ጀዘሪ በ1206 በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የሚገኘው ይህ ጥንታዊ ዘዴ፣ ዛሬ በሞተር ውስጥ ቫልቮችን በጉብታዎቹ ያስከፍታል። ዝገቱ ላይ ላዩን ከሆነ ዘይት በነካ ረቂቅ የብርጭቆ ወረቀት ይጸዳል። ጉብታውን ከቦረቦረ ግን ጠንካራው ገጽ ተበልቷል፤ እንዲሁ ቢገጠም ታፔቱን ይፍቃል፤ ብናኙም ከዘይት ጋር ዞሮ ኩሽኔታውን ያበላሻል።

የሚድነውን ከማይድነው የለየ ባለሙያ የውጭ ምንዛሪ ይቆጥባል፤ ሳይለይ የገጠመ ግን ሙሉ ሞተር ያስከፍላል።