ከጎሬ እስከ ኡካ፦ የአንዲት ማዘዣ ወረቀት ታሪክ

አዘጋጆቹ «ለመጽሔቱ ታሪክ ቢጤ ጻፊልን» ሲሉኝ፣ የባቻችን ልጆች የቲቲፒ ወሬ እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። እሱን ከእኔ የተሻለ የሚያወሩ አሉ። እኔ የማነሣው ስለ ናርኮቲክ ማዘዣ ነው።

እኛ የኢሉባቦር ልጆች የምንኮራበት አንድ ታሪክ አለ። በ1910ዎቹ አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ላምቢ ጎሬ ላይ የገዥውን የናደውን (በኋላ ራስ) ጆሮ አክሞ የገባበትን ነፍሳት አወጣ። በዚያ ሰበብ ከራስ ተፈሪ ጋር ተዋወቀ፤ ጉለሌ ላይም ሆስፒታል ሠራ። ያኔ የሙያ ፈቃድ ማለት እንግዲህ የገዥው ጆሮ ነበር።

ወረቀቱ የመጣው ቀስ እያለ ነው። የ1956ቱ የፋርማሲ ደንብ ቁጥር 288፣ አዋጅ ቁጥር 176/1991 እስኪወጣ ድረስ 35 ዓመት ገዛን። አዋጅ 661/2002 መድኃኒቱንም ባለሙያውንም ባንድ ባለሥልጣን ሥር አደረገ፤ 1112/2011 ሲመጣ ደግሞ የባለሙያ ፈቃድ ወደ ጤና ሚኒስቴር ተመለሰ። ቁጥር የሚወድ ይያዘው።

ለእኔ ትልቁ ነገር በ1957 የሆነው ነው። ኢትዮጵያ በ1961 እ.ኤ.አ. የተፈረመውን ዓለም አቀፍ የናርኮቲክ ስምምነት ያጸደቀችው በዚያ ዓመት ነው። የስምምነቱ መግቢያ ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ እነዚህ መድኃኒቶች ሕመምን ለማስታገስ የግድ ያስፈልጋሉ፤ አገሮችም እንዲገኙ ማድረግ አለባቸው። ሁለተኛ፣ ሱስ ክፉ ነውና ቁጥጥር ይደረግ። እኔ ከትምህርት ቤት ይዤ የወጣሁት ሁለተኛውን ብቻ ነበር።

1999 ላይ ኢሉባቦር ውስጥ አንድ ሆስፒታል ተመድቤ ስሠራ፣ ከኡካ አንዲት እናት በቃሬዛ መጡ። የማኅፀን በር ካንሰር ነው፤ የሚቆረጥ የሚቀጠል ነገር አልነበረም። ልጃቸው ወደ ጥግ ወሰደኝና «ዶክተር፣ እንድትድን አይደለም ያመጣናት። ትንሽ እንቅልፍ እንድትተኛ ነው» አለኝ።

ሞርፊን አልነበረንም። ፔቲዲን ግን ለቀዶ ሕክምና ተብሎ ተቆልፎበት ተቀምጧል። የማዘዣው ጥራዝ ያለው ፋርማሲው ኃላፊ ጋ ነው፤ እሱ ደግሞ ለስብሰባ ወጥቷል። ፔቲዲን ለካንሰር ሕመም ተመራጭ አይደለም፣ አውቃለሁ። ለዚያች ሌሊት ግን ይበቃ ነበር። ሰው ልኬ ቁልፉን ማስመጣትም እችል ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ ፈራሁ። ስሜ፣ የምዝገባ ቁጥሬና ፊርማዬ የሚሰፍርበት ወረቀት ነው፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ነው በአእምሮዬ የመጣው። አንቀጹን በኋላ ቁጭ ብዬ ሳነበው የሚያሳድደው ያለ ፈቃድ የሚያመርተውንና የሚያዘዋውረውን ነው። ለታመመ ሰው በአግባቡ ያዘዘ ሐኪም እዚያ ውስጥ ምን ይሠራል? ዲክሎፌናክ ሰጥቼ ሸኘኋቸው።

የሚገርመው፣ ያኔ ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል ሳዝዝ እጄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። እሱም እኮ በሌላኛው፣ በሳይኮትሮፒኩ ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግበት ነው። ስለለመድነው ብቻ አንፈራውም።

ባለፈው ጥቅምት ለለቅሶ ኡካ ሄጄ ልጁን አገኘሁት። አላወቀኝም፤ ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። ቡና አስፈላልን። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ቆዩ ብዬ ጠየቅሁት። «19 ሌሊት» አለ።

መምህራኖቻችን፣ አንድ ልመና አለኝ፦ ተማሪው ከመመረቁ በፊት ያንን ማዘዣ በገዛ እጁ ይሙላው፤ መጠኑን ያስላ፤ ፊርማውን ያኑርበት። በመቱ፣ በጎሬና በቡሬ መስመር የምትሠሩ የሙያ ጓደኞቼ ደግሞ ጥራዙና ቁልፉ ሌሊት ማን ጋ እንደሚያድር በዚህ ሳምንት ጠይቁልኝ።