መሬት ያጣ ሸማ ይሠራል፦ የአውራ አምባ ሌላው ታሪክ

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ የፎገራን ሜዳ ወደ ኋላ ትቶ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሄደ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ብላ አውራ አምባ የምትባል መንደር አለች። ስሟን ያልሰማ ጥቂት ነው። ወንድ እንጀራ የሚጋግርባት፣ ሴት ሞፈር የምትይዝባት፣ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ያልተሠራባት መንደር እየተባለች በቴሌቪዥን ስንት ጊዜ ቀርባለች። ጎብኚ ይሄዳል፤ ይገረማል፤ ፎቶ ያነሳል፤ ጋቢ ወይም የአልጋ ልብስ ገዝቶ ይመለሳል።

ጋቢው ግን እዚያ ምን ይሠራል? ዙሪያው ሁሉ ገበሬ ነው። ሜዳው ሩዝ፣ ጤፍና የፎገራ ከብት ነው። በዚህ መሃል አንድ መንደር ከሸማ ዕቃ ሥር የተቀመጠው ለምንድን ነው? ይህን የሚጠይቅ ብዙ አይገኝም። ተጠይቆም ከሆነ የሚሰጠው መልስ «ታታሪ ስለሆኑ» የሚል ነው። ታታሪነታቸውን የሚክድ የለም። ታሪኩ ግን የመሬት ታሪክ ነው።

ከሥራው እንጀምር። ሸማ መሥራት ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ብቻ ነውና።

ጥጡ ይዳመጥና ፍሬው ይወጣል። በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል፤ ልቃቂት ይሆናል። እስከዚህ ያለው በሰሜኑ አገር ቤት የሴት ሥራ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው፣ ድሩን አድርቶ መሸመኑ፣ የወንድ። ዛሬ ድሩ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው። በጣሊያን የጦር ካሳ ገንዘብ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የቆመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዓይነት ተቋም ከመጣ ወዲህ ለድር የሚሆነውን ጠንካራ ክር በእጅ የሚፈትል እየቀነሰ ሄዷል። ማጉ ግን አሁንም ከእንዝርት የወረደ ሲሆን ሸማው ሌላ ነው፤ የለበሰ ያውቀዋል።

ጀማሪ ሸማኔ መጀመሪያ የሚማረው መሸመን አይደለም፤ መታገሥን ነው። የድሩ ክር አንድ በአንድ በየቦታው ማለፍ አለበት፤ ብዛቱ መቶዎችን ይሻገራል። አንዲት ክር ከተዘለለች ወይም ከጎረቤቷ ጋር ከተቀያየረች ስህተቱ እዚያው አይቀርም፤ ከሸማው ጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ጠባሳ ይከተላል። ከዚያ እግር መርገጫውን ሲጫን የድሩ ገሚስ ይነሳል፣ ገሚሱ ይወርዳል፣ በመሃል በተከፈተው በር መወርወሪያው ያልፋል፤ ማጉ ይመታል። ቀኝ እግር፣ ግራ እግር። ጀማሪ ሁሉ የሚሠራት ስህተት አለች፤ ማጉን አጥብቆ መሳብ። ክንድ ስፋት የነበረው ሸማ ሳይታወቅ እየጠበበ ይሄዳል፤ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይገባል። ብዙ ላልቶ ከተተወ ደግሞ ጠርዙ ይንዠረገጋል። ትክክለኛውን መጠን በቃል የሚነግር የለም፤ እጅ ነው የሚያውቀው።

ጥለት ሲመጣ ነገሩ ሒሳብ ይሆናል። ስንት የድር ክር ተነስቶ ስንት እንደሚቀር ይቆጠራል፤ ቀለሙ ክር በጣት ይገባል፤ ማግ ይወረወራል፤ እንደገና ይቆጠራል። በፈረንጅ አገር ሹራብ የሚሠራ ጀማሪ በካሬ የተከፋፈለ ወረቀት ከፊቱ ያስቀምጣል፤ እያንዳንዷ ካሬ የመርፌውን አንድ እርምጃ ታሳያለች፤ የጠፋው ሰው ወረቀቱን አይቶ ይመለሳል። የእኛ ሸማኔ ወረቀቱ ያለቀ ሸማ ነው፤ አለዚያም የመምህሩ ጭንቅላት። መምህሩ ካልፈቀደ ወይም ከሞተ ጥለቱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ማን ከሸማ ዕቃው ሥር እንዲቀመጥ ይፈቀድለታል የሚለው ጥያቄ ተራ ጥያቄ አልነበረም። ዕውቀቱ ለማን እንደሚተላለፍ የሚወስነው እሱ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ።

በሰሜን ኢትዮጵያ ክብር የነበረው ለርስት ነው። ርስት ያለው ያርሳል፤ ይገብራል፤ ይከበራል። ርስት የሌለው በእጁ ይበላል። በአፄ ይስሐቅ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1414–1429) ያልተጠመቀ የአባቱን መሬት እንዳይወርስ ታወጀ የሚለው ትውፊት በቤተ እስራኤል ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ክፍለ ዘመናት ቤተ እስራኤል በጣና ዙሪያና በጎንደር በአንጥረኝነት፣ በሸማኔነት፣ በግንበኝነትና በሸክላ ሥራ ሲተዳደሩ እናገኛቸዋለን። ሙስሊሙም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጊዜ በጎንደር ያለው ሙስሊም ተለይቶ እንዲኖር ተወሰነ፤ በክርስቲያኑ ደጋ አገር በአብዛኛው ርስት ስላልነበረው ኑሮው ንግድና ሸማ ሆነ። የጎንደር ሙስሊም ሸማኔ ዝናው የወጣው ከዚህ ነው። ሸማኔነት የደም ጉዳይ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ይህን ደጋግሞ ያንብብ። መጀመሪያ መሬቱ ተወሰደ፤ ቀጥሎ ሥራው መጣ፤ ከዚያ «እነሱ እኮ ድሮም ሸማኔ ናቸው» ተባለ።

ስድቡም አብሮ መጣ። ቀጥቃጩ ቡዳ ነው፤ ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ ናት፤ ሸማኔው ቁጢት በጣሽ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል፤ ስድቦቹን አንድ በአንድ እየጠሩ ነው የከለከሉት። ንጉሠ ነገሥት ስድብ ዘርዝሮ አዋጅ እስኪያወጣ ድረስ ነገሩ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

የሚገርመው ግን ስድቡ የሚያርፈው በሸማኔው እንጂ በፈታይዋ ላይ አለመሆኑ ነው። እንዝርት የወይዘሮም እጅ ጌጥ ነበር። ቀጭን መፍተል ሙያ ነው፤ ልጃገረድ ትመሰገንበታለች። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መልአኩ ገብርኤል ሲያበሥራት እመቤታችን ወርቅና ሐር አስማምታ እየፈተለች ነበር፤ በብሥራቱ ሥዕሎች ላይ እንዝርት የያዘች ማርያምን ማየት የተለመደ ነው። ያው አንድ ክር፣ በሴቷ እጅ ሳለ የተባረከ፣ ሸማኔው ጋ ሲደርስ የተናቀ። ሸማውን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመው ደግሞ ሰዳቢው ራሱ ነው።

ከአውራ አምባ መንገዱን ይዞ ወደ ደብረ ታቦር የወጣ ሰው ጋፋትን ያገኛል። አፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩበት ቦታ ነው። ከሠሩላቸው ሁሉ ትልቁ «ሴባስቶፖል» ተባለ፤ በክሬሚያ ጦርነት በተከበበችው ከተማ ስም። ያን ከበባ የመራው የእንግሊዝ አዛዥ ሎርድ ራግላን ነበር፤ በዋተርሉ ውጊያ ቀኝ እጁን ያጣ ሰው። ከብብት እስከ አንገት በሰያፍ የሚወርደው የሹራብና የካፖርት እጅጌ እስከ ዛሬ «ራግላን» የሚባለው በእሱ ስም ነው። አንዱ ጦርነት ለእንግሊዝ የእጅጌ ስም ሰጠ፣ ለእኛ የመድፍ ስም። ጋፋት እዚህ የተነሳችው ግን ለጨዋታ ብቻ አይደለም። መሪው የእጅ ሙያ አጥብቆ ሲፈልግ፣ አገሩ የገዛ ባለሙያውን ቡዳ እያለ ይሸሽ ነበር። ቴዎድሮስ ፈረንጅ የፈለጉት ዕውቀቱ ስላልነበረ ብቻ አይደለም ቢባል ሐሰት አይሆንም።

አውራ አምባ በዚህ ታሪክ ላይ ነው የበቀለችው።

መሥራቿ የክብር ዶክተር ዙምራ ኑሩ የእስቴ ተወላጅ ናቸው፤ ከሙስሊም ገበሬ ቤተሰብ። ራሳቸው ደጋግመው እንደሚናገሩት ገና በልጅነታቸው የጠየቁት ጥያቄ ቀላል ነበር፤ እናትና አባት አብረው እርሻ ውለው ሲመለሱ አባት ያርፋል፣ እናት ግን ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ እግር ታጥባለች፤ ለምን? ቤተሰብ ልጁ ጤና የለውም አለ። በ1964 ዓ.ም. አብረዋቸው ከተሰለፉ ጥቂት ሰዎች ጋር፣ ሁሉም ተደምረው ሃያ የማይሞሉ፣ መንደሯን መሠረቱ። ጎረቤት አልወደዳቸውም። ሃይማኖታቸው አይታወቅም፤ ለቅሶአቸው አጭር ነው፤ ድግስ የላቸውም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ እንደነሱ ላለ ሰው የምሥራች ነበር። ርስት ቀረ፤ መሬት ለአራሹ ሆነ፤ ሃይማኖትና ሙያ አይጠየቅም። ግን ብዙ አልቆየላቸውም። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት በጠላትነት ተፈርጀው ሸሹ፤ እስከ ከፋ፣ ቦንጋ ድረስ ሄዱ። መንግሥት ተለውጦ በ1980ዎቹ አጋማሽ ሲመለሱ መሬታቸውን ሌላ ሰው ይዞታል። የቀረላቸው 17.5 ሄክታር ገደማ ነው። መንደሯ ከ400 ሰው በላይ ስትሆን ሒሳቡ ለአንድ ነፍስ ከ440 ካሬ ሜትር ያነሰ ሆነ፤ ለአንድ ሰው የዓመት ቀለብ አያወጣም። ከሥራቸው ባለው ሜዳ በእነዚያው አሥርት ዓመታት ሩዝ እየተስፋፋ፣ ውሃ የሚተኛበት መሬት ሁሉ ዋጋው እየወጣ ነበር። እነሱ ግን ዘግይተው ደረሱ።

ሸማ ዋና መተዳደሪያቸው የሆነው ያኔ ነው። ቤተ እስራኤልና የጎንደር ሙስሊም ከደረሰባቸው ጋር ሲነጻጸር የተለየ ነገር የለውም፤ መሬት የሌለው በእጁ ይበላል። የተለየው ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። አሮጌውን ሥራ ሲወስዱ አሮጌውን ድንበር አልወሰዱም። ሴቷ ከሸማ ዕቃው ሥር ተቀመጠች፤ ወንዱ እንዝርት ያዘ።

ይህን ጎብኚው እንደ ትርኢት ያየዋል። ክብደቱን የሚያውቀው ግን እንዝርት የያዘ ወንድ በገበያ ምን እንደሚባል የሚያውቅ ነው። ለሴቷ አዲስ የሆነው የሥራ ዓይነት ነው፤ ለወንዱ ግን ስም ነበር የሚጠፋው። ደግሞም በችግር የተገደደ ለውጥ ነው ብሎ ማሳነስ አይቻልም። ሌሎችም መሬት አጥተዋል። ከሽሮ ሜዳ እስከ ጋሞ ደጋ ያለው ሸማኔ መሬት ጠብቦት ነው በብዛት ወደ ከተማ የፈለሰው፤ ከሸማ ዕቃው ላይ ግን ዛሬም በአብዛኛው የምታገኘው ወንድ ነው። ችግር ሸማ ዕቃውን ያመጣል፤ ማን እንደሚቀመጥበት አይወስንም።

ድንበሩ ተፈጥሮ ነው ለሚል ሰው ደግሞ ከባሕር ማዶ አንድ ምሳሌ ይበቃል። በፔሩ፣ በቲቲካካ ሐይቅ ላይ ባለችው ታኪሌ ደሴት፣ ሹራብ መሥራት የወንድ ሙያ ነው። ልጅ ገና ትንሽ ሳለ በመርፌ ይለማመዳል፤ ባለ ጥለት ቆብ የሚሠራው ወንዱ ነው። ዩኔስኮ ይህን ሙያ በ2005 እ.ኤ.አ. በቅርስነት ዕውቅና ሰጥቶታል። በሌላው ዓለም ያው መርፌ የአያት ሥራ ነው።

ዛሬ የአውራ አምባን ሸማ የሚያሰጋው ስድብ አይደለም፤ መንገድና ገበያ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የወረታ–ወልዲያ መንገድ በተደጋጋሚ የጦር መንገድ ሆኗል። መንገድ ሲዘጋ ጎብኚም ገዢም ይቀራል፤ ክር ግን መገዛት አለበት። ሁለተኛው ከውጭ የሚመጣው የታተመ ጨርቅ ነው። ጥለቱ የተሸመነ ይመስላል፤ ዋጋው ግን ከሸማኔው ድካም ጋር አይወዳደርም። ጀማሪዋ ስትቆጥር የምትውለውን ማሽን በደቂቃ ያትማል። በሱቅ ላይ ለዓይን ለመለየት ያስቸግራል። የሚለየው ተገልብጦ ሲታይ ነው፤ የታተመው ጀርባው ደብዛዛ ነው፣ የተሸመነው ጀርባ ላይ ግን ቀለሙ ክር ሲገባና ሲወጣ፣ አንዳንዴም አንድ ክር ሲስት፣ ይታያል።