የስፒከራችሁ ጃክ ከስልከኛ እጅ የመጣ ነው

ይቺን ችግር የማያውቃት የለም። ዘፈኑ እየተጫወተ አንዱ ስፒከር በድንገት ዝም ይላል። ገመዱን ነካ ስታደርጉት ይመለሳል፣ ስትለቁት ይጠፋል። መቱም ሆነ ጎሬ፣ በደሌም ሆነ አዲስ አበባ መፍትሔው አንድ ነው፦ ገመዱን አጣሞ በፕላስተር መጠቅለል፣ ሁለት ቀን መጠቀም፣ ከዚያ “ተበላሽቷል” ብሎ መጣል። ብዙውን ጊዜ ግን የተበላሸው ስፒከሩ አይደለም፤ ጥቂት ብር የማያወጣ ጃክ ነው።

እስቲ ጃኩን ነቅላችሁ ተመልከቱት። ውፍረቱ 3.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ቀጫጭን ቀለበት መሰል መስመሮች ብረቱን ለሦስት ይከፍሉታል። ጫፉ የግራውን ድምፅ ይዞ ይሄዳል፣ መሃሉ የቀኙን፤ ወደ ገመዱ የሚቀርበው ረጅሙ ክፍል ደግሞ የሁለቱም የጋራ መመለሻ ነው፤ ቴክኒሻኖች ግራውንድ ይሉታል። ይህ ቅርጽ ለሙዚቃ ታስቦ የተሠራ እንዳይመስላችሁ። የተሠራው ለስልክ ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 1878 አሜሪካ ውስጥ ኒው ሄቨን በምትባል ከተማ የመጀመሪያው የንግድ ስልክ ማዞሪያ ሥራ ሲጀምር ደንበኞቹ 21 ብቻ ነበሩ። ደንበኛ ሲበዛ ግን አንዱን መስመር ከሌላው ጋር ቶሎ ማገናኘትና ቶሎ ማለያየት ግድ ሆነ። ቻርልስ ስክሪብነር የተባለ መሐንዲስ የሠራው ማገናኛ የሚታጠፍ ሰንጢ ስለሚመስል በሰንጢው የእንግሊዝኛ ስም “ጃክ ናይፍ” ተባለ። “ጃክ” የምንለው ከዚያ የቀረ ነው። ስልከኞች ቀኑን ሙሉ ይሰኩና ይነቅሉ የነበረው ወፍራሙ ጃክ 6.35 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ዛሬም ኪቦርድና ጊታር ላይ ይሰካል። ትንሹ የመጣው ከኪስ ሬዲዮ ጋር ነው፤ በ1979 የወጣው ዎክማን ደግሞ ስቴሪዮውን በየሰው ጆሮ አደረሰው።

አገራችን ስልክን የተዋወቀችው ብዙም ሳትዘገይ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 የተወጠነው የሐረር–አዲስ አበባ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ቀጥሎ ገመዱ ከመዲናዋ ወደ ሌሎች አቅጣጫዎች ተዘረጋ፤ በምዕራብም ጎሬ ደረሰ። ያኔ የኢሉባቦር መቀመጫ ጎሬ እንጂ መቱ አልነበረችም፤ ወንበሩ ወደ መቱ የዞረው በ1970ዎቹ ነው። የጎሬ ቡና በበቅሎ ወደ ጋምቤላ ይወርድ፣ ከዚያ በባሮ ወንዝ በጀልባ ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር። እንዲህ ያለ የንግድ ከተማ ከአዲስ አበባ ጋር በቶሎ መነጋገር ሲችል ምን ያህል እንደሚጠቀም አስቡት።

ታዲያ አንድ ጣጣ ነበር። ድምፅ በሽቦ ውስጥ በሄደ ቁጥር ይደክማል። ዛሬ ደካማ ድምፅ የሚያጎላ አምፕሊፋየር አለን፤ ያኔ ግን አልነበረም። ስለዚህ ሩቅ ለሩቅ ሲነጋገሩ በመሃል ከተማ ያለው ስልከኛ ከወዲህ የሰማውን ወዲያ ይደግመዋል፣ መልሱንም እንዲሁ። አምፕሊፋየሩ ሰው ነበር ማለት ነው! (ምስጢር ያለው ሰው ምን ያደርግ እንደነበር እናንተው ገምቱ።) ስፒከራችሁ የራሱን ኤሌክትሪክ የሚፈልገውም ለዚሁ ሥራ ነው፤ ከኮምፒውተሩ የሚመጣው ድምፅ ብቻውን ክፍል አይሞላም።

መስመር ሲጠፋስ? በየጫካው እያንዳንዱን ምሰሶ እየፈተሹ መሄድ አያዋጣም። በዓለም ዙሪያ የቴሌግራፍና የስልክ ሠራተኞች የያዙት ብልሃት ቀላል ነው፦ መሃል ያለውን ጣቢያ ጥራ። ከመለሰ እስከዚያ ያለው ደህና ነው፤ ካልመለሰ ችግሩ ወዲህ ነው። ከዚያ የቀረውን ግማሽ እንደገና ለሁለት ክፈል። ስምንት ክፍል ያለው መስመር ቢቋረጥ፣ የተቋረጠውን ክፍል ለማወቅ ሦስት ጥሪ ይበቃል።

የእናንተም መስመር እንደዚሁ ነው፤ ኮምፒውተር፣ ቀዳዳ፣ ጃክ፣ ገመድ፣ ስፒከር። መሃሉ ጃኩ ነውና ከዚያ ጀምሩ። ከኮምፒውተሩ ነቅላችሁ ጃክ የሚቀበል ሞባይል ላይ ሰኩት። በደንብ ከተጫወተ ስፒከሩም ገመዱም ነፃ ናቸው፤ ጥፋቱ ኮምፒውተሩ ጋ ነው። መጀመሪያ ቀዳዳውን እዩ፤ የስፒከሩ አረንጓዴ ነው፣ ሮዝ የማይክሮፎን ነው። በዚህ የተሸወደ ስንት ሰው አለ!

ሞባይሉም ላይ አንዱ ጎን ዝም ካለ ወደ ስፒከሩ ጀርባ ሂዱ። ብዙዎቹ እዚያ ቀይና ነጭ መሰኪያ አላቸው። ድምፁን ቀንሱና ሁለቱን አቀያይሩ። ዝምታው ወደ ሌላኛው ስፒከር ከተዛወረ ገመዱ ነው፤ ባለበት ከቀረ ስፒከሩ ራሱ ወይም ሁለቱን ስፒከሮች የሚያገናኘው ሽቦ ነው።

የድምፁ ዓይነትም ራሱ ይናገራል። አንድ ጎን ብቻ ከጠፋ የጫፉ ወይም የመሃሉ ሽቦ ተበጥሷል። የጋራው ሽቦ ሲበጠስ ግን ነገሩ ይገርማል። የጆሮ ማዳመጫ ከሆነ ሙዚቃው ይሰማል፣ ዘፋኙ ግን ይጠፋል! መመለሻ ያጣው ኤሌክትሪክ ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው ስለሚያልፍ የሚሰማችሁ የግራና የቀኝ ልዩነት ብቻ ነው፤ የዘፋኙ ድምፅ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሁለቱም እኩል ስለሚቀዳ ይጣፋል። በራሱ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ስፒከር ላይ ደግሞ “እምምም” የሚል ጉርምርምታ ትሰማላችሁ፤ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚወዛወዘው የመብራት ኃይላችን ድምፅ ነው።

ኢሉባቦር ላይ አንድ ተጨማሪ ተጠርጣሪ አለ፤ እርጥበት። ጎሬ በኢትዮጵያ ብዙ ዝናብ ከሚዘንብባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። እርጥበት የጃኩን ብረት ያደበዝዘዋል፣ የደበዘዘ ብረት ደግሞ ያንኳኳል፣ ይቆራረጣል። ስፒከሩን አጥፉና ጃኩን አልኮል በነካ ጥጥ ጥረጉት፣ ሲደርቅ ጥቂት ጊዜ ሰክታችሁ ንቀሉት።

ገመድ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ጃኩ አንገት ላይ ነው፤ መታጠፉ ሁሉ እዚያ ያርፋላ። ከአንገቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቆርጦ አዲስ ጃክ መበየድ ለሬዲዮ ጠጋኝ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ለቀኝ፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ለግራ፣ ልባስ የሌለው መዳብ ለግራውንድ ነው፤ ቀለሙ ስለሚለያይ ግን ከመበየዱ በፊት በቴስተር ይረጋገጥ። መብራት የሚገባበትን የስፒከሩን ሆድ ግን ራሳችሁ አትክፈቱ።