ሰጋር ሞተር

ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ስንወርድ ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም። ከአንድ የግብርና ባለሙያ ኋላ ተፈናጥጫለሁ፤ የምንሄድበት የመሥሪያ ቤቱ አሮጌ ሆንዳ ነው። ሰውየው ቁልቁለቱ ላይ ማርሽ እየቀነሰ ፍሬኑን ነካ ለቀቅ ያደርጋል። እኔ ጥምዝ በመጣ ቁጥር ወገቡን ጥብቅ አድርጌ እይዛለሁ። አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ስንደርስ ጥግ ያዘና ከቦርሳው ጥቁር ዘይት ያለበት ሃይላንድ አወጣ። ሞተሩን ትንሽ ትንሽ እየገፋ ሰንሰለቱ ላይ ጠብ ጠብ አደረገለት። «አቧራው አይምረውም፤ ካላጠጣሁት መንገድ ላይ ይበጠስብኛል፣ ጋሼ» አለኝ።

ስለ «ስፖርት ቱሪንግ» ሞተሮች ልጽፍ ያነሳሳኝ ያ ሰንሰለት ነው። በዚህ ስም ከሚጠሩት የቆዩ ሞተሮች መካከል ሰንሰለት የሌላቸው፣ ጉልበታቸውን እንደ መኪና በብረት ዘንግ ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሱ አሉ። ዘንጉ ተሸፍኖ ስለሚሽከረከር አቧራ አይደርስበትም።

ቃሉ ሁለት ፍላጎት አጣምሮ ይዟል። የስፖርት ሞተር ለፍጥነት የተሠራ ነው፤ ነጂው ታንከሩ ላይ ደፋ ብሎ ይነዳዋል፣ ብዙ ሳይሄድ አንጓውና ወገቡ ይዝላል። የቱሪንግ ሞተር ደግሞ ለሩቅ ጉዞ ነው፤ ሻንጣ ይሸከማል፣ ወንበሩ ሰፊ ነው፣ ጥምዝ ላይ ግን ይከብዳል። ስፖርት ቱሪንግ የሚባለው ቀኑን ሙሉ ፈጥኖ የሚሄድ፣ ነጂውንም የማያደቅቅ ነው።

ይህን በአማርኛ ምን እንበለው? ቃል በቃል «የስፖርት ጉዞ ሞተር» ብንለው ወደ ውድድር የሚደረግ ጉዞ ይመስላል። «ገስጋሽ» ፍጥነትንና መንገድን ይዟል፣ ምቾትን ግን አይናገርም። እኔ የምመርጠው «ሰጋር» የሚለውን ነው። ሰጋር በቅሎ ፈጥና እየሄደች ኮርቻ ላይ ያለውን ሰው አታንገጫግጨውም። ሶምሶማ ወገብ ያፈርሳል፤ ግልቢያ ሰውንም ከብቱንም ቶሎ ይጨርሳል፤ ስግሪያ ግን ቀኑን ሙሉ ያስኬዳል። የጥንት ዘማች ፈረሱን ለጦር ሜዳ አስስቦ ራሱ በበቅሎ የሚጓዘው፣ ጓዙን በአጋሰስ የሚያስጭነው ለዚህ ነበር። የስፖርት ሞተር ፈረሱ ነው፣ ከባዱ ቱሪንግ አጋሰሱ፣ በመካከል ያለው ሰጋሯ። አያቶቻችን ልዩነቱን በደንብ ያውቁት ስለነበር ስሙን አዘጋጅተው ትተውልናል፤ ይህ በጣም ያስደስተኛል።

«ሰጋር ዶቅዶቄ» ያላልኩት በምክንያት ነው። ዶቅዶቄ የሚለው ስም ከድምፁ የመጣ ነው፤ ዶቅ ዶቅ የሚለው ደግሞ ባለ አንድ ሲሊንደሩ ነው። ባለ አራት ሲሊንደሩ ወጥ ሆኖ ያጉረመርማል እንጂ ዶቅ ዶቅ አይልም።

ከሰጋሮቹ መካከል ቀደምት የሆነው እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ቢኤምደብሊው አር 100 አርኤስ ነው። የነፋስ መከለያው ቅርፅ የወጣው ጣልያን ውስጥ በፒኒንፋሪና የነፋስ መሞከሪያ ዋሻ ነበር። እኔ በተለይ የምወደው ግን እ.ኤ.አ. በ1990 የመጣውን ሆንዳ ኤስቲ 1100 ነው፤ አውሮፓ ውስጥ «ፓን ዩሮፒያን» ይሉታል። 1,084 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ፣ ባለ ዘንግ። የአውሮፓ ፖሊሶች ብዙ ነድተውታል። ታንከሩ 28 ሊትር ይይዛል። ለ100 ኪሎ ሜትር አምስት ተኩል ሊትር ገደማ ቢጠጣ እንኳ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። አዲስ አበባ ላይ ሞልቶ የተነሳ ሰው በሆሳዕና በኩል አርባ ምንጭ ድረስ ሳይቀዳ ሊገባ ይችላል ማለት ነው። ቤንዚን በወረፋ የሚገኝበትን ቀን ያየ ሰው የዚህ ትርጉም ይገባዋል። ከሶዶ ወዲህ ያለውን መንገድ አስቡት፦ ሁምቦን አልፎ፣ አባያን በግራ እያዩ፣ በምዕራብ አባያ የሙዝ እርሻ መካከል። ፍጥነት የሚያምረው ከብት መንገዱ ላይ እስኪገባ ድረስ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ቀስ ብሎም ሳያለፋ የሚሄድ ሞተር ያስፈልጋል።

ታዲያ አዲሱ እያለ አሮጌው ለምን ይወደዳል? ሞተሩ ትልቅ ነው፤ በተለመደ ጉዞ ጉልበቱን ሁሉ አይጠየቅም፤ ስለዚህ ዕድሜው ይረዝማል። ሁለተኛው ምክንያት በእጅ የሚጠገን መሆኑ ነው። ለምሳሌ አርባ ምንጭ 1,285 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከ2,700 ሜትር በላይ ትገኛለች። ካርቡሬተር ያለው ሞተር እዚያ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳበት ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። መካኒኩ ካንዴላውን ፈትቶ ጫፉን ወደ ብርሃን ያዞራል፤ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቷል፣ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ለዚህ ኮምፒውተር አያስፈልገውም፤ የካንዴላ መፍቻና ዓይኑ ይበቁታል።

እንከኑንም ልናገር። የኤስቲ 1100 ክብደት ቤንዚን ተሞልቶ ከ300 ኪሎ ግራም አያንስም፤ ከወደቀ ብቻውን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው። የሞተሩን ውስጥ ለመንካት ብዙ የፕላስቲክ ሽፋን መፍታት ግድ ይላል። ለጠጠርና ለጭቃም አልተሠራም፤ በጋሞ ደጋ ቀበሌዎች መካከል ያ ሃይላንድ የያዘው ባለሙያ በአሮጌ ሆንዳው ይቀድመዋል። ሰጋር የአስፋልት ስም ነው።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ሞተሩ ሰጋር፣ ብዙ ሲሆኑ ሰጋሮች፣ አነዳዱ ስግሪያ፣ ግሱ ሰገረ። «ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ከአዲስ አበባ ተነስተን፣ ሆሳዕና ቁርስ በልተን፣ ከሶዶ በኋላ እየሰገርን አርባ ምንጭ ለምሳ ደረስን።»