ጉጉት፣ ዝናብና ካሜራ፤ የአንድ ፎቶግራፍ ዋጋ



ዛሬ የምናገረው ጠባብ ስለሚመስል ጉዳይ ነው፤ በብሪታንያ ምድር የዱር ጉጉትን በጨለማ፣ በዝናብና በጭጋግ ፎቶግራፍ ስለማንሳት። ጉዳዩ ጠባብ ቢመስልም አንድ ሰፊ ጥያቄ በውስጡ ይዟል። መሣሪያችን ሊያሳየን የቻለውን ሁሉ ማየት ይገባናልን? ይህ ጥያቄ በታሪክ ውስጥ የተወለደው ዘግይቶ ነው። ከእርሱ በፊት ለብዙ ዓመታት ሲጠየቅ የኖረው «እንችላለን ወይ?» የሚለው ብቻ ነበር።

መነሻችን እ.ኤ.አ. 1892 ይሁን። የዮርክሺር ተወላጆች የሆኑት ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን የተባሉ ወንድማማቾች በዚያ ዓመት የወፍ ጎጆን ከነእንቁላሉ ፎቶግራፍ አነሡ፤ በ1895ም ስለ ብሪታንያ ወፎች ጎጆ በፎቶግራፍ የተደገፈ መጽሐፍ አሳተሙ። ወደ ወፎች ለመቅረብ ከእውነተኛ ቆዳ በተሠራ ሰው ሠራሽ በሬ ሆድ ውስጥ እስከ መደበቅ ደርሰዋል። ሆኖም የዘመኑ ካሜራ ከባድ፣ ምስሉ የሚያርፍበት የመስታወት ሰሌዳም ብርሃንን በዝግታ የሚቀበል ነበር። ጎጆና እንቁላል ስለማይንቀሳቀሱ ይታገሡታል፤ በምሽት የምትበር ጉጉት ግን አትታገሠውም። ሰማዩ ሲደምንማ ቀኑ ራሱ ለካሜራው ሌሊት ይሆንበታል።

ጨለማውን ለመግፈፍ የማግኒዥየም ዱቄት ይቀጣጠል ነበር። ዱቄቱ ብርሃን ቢሰጥም ጭሱ ያፍናል፣ እሳቱ ያሰጋል፣ እርጥበትም ያበላሸዋል። መፍትሔው የመጣው በ1920ዎቹ መጨረሻ በጀርመን ለገበያ ከቀረበው የፍላሽ አምፖል ጋር ነው። የሚነደው ነገር በመስታወት ውስጥ ስለታሸገ ነፋስና ጤዛ አይነኩትም። ከዚያ በኋላ ጨለማና ክፉ አየር ፎቶግራፍ አንሺውን የሚያስቆሙት እንደ ቀድሞው አልነበረም።

በዚህ ዘመን የገነነው ስም ኤሪክ ሆስኪንግ ነው። በ1909 ተወልዶ በ1991 ያረፈው ይህ እንግሊዛዊ ሕይወቱን ለወፍ ፎቶግራፍ ሰጥቷል። በ1937 በዌልስ፣ በአንዲት ቡናማ የጫካ ጉጉት ጎጆ አጠገብ ከፍ አድርጎ መሸሸጊያ ሠርቶ ነበር። አንድ ሌሊት ወደዚያ ሲወጣ ጫጩቶቿን የምትጠብቀው ጉጉት ሳይሰማት መጥታ ግራ ዓይኑን በጥፍሯ መታችው። ቁስሉ አመረቀዘ። አንቲባዮቲክ ገና በሐኪሞች እጅ አልገባም ነበርና ሌላኛውን ዓይን ለማትረፍ የተመታው ዓይን በለንደን ወጣ። ዕድሜው 27 ነበር። ሙያውን አልተወም፤ በ1948 በኤሌክትሮኒክ ፍላሽ ያነሣው፣ ክንፎቿን ዘርግታ አይጥ በምንቃሯ የያዘች ነጭ ፊት የጎተራ ጉጉት ምስል ከሥራዎቹ ሁሉ እጅግ የታወቀው ሆነ። በ1970 የታተመው የሕይወት ታሪኩም ርእሱን የወሰደው ከዓይን ነው።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው እንደ ጀግንነት ነው። ጀግንነቱን አልክድም። ነገር ግን በዚያ ሌሊት የከፈለው ሰውየው ብቻ እንደ ነበር አድርገን ካነበብነው እኩሌታውን እንስታለን። ጉጉቲቱ የመታችው ለጎጆዋ ፈርታ ነውና።

የጎተራ ጉጉትን ሕይወት እንመልከት። ላባዋ በዝምታ እንድትበር እጅግ ለስላሳ ሆኗል፤ ለዚህ ዝምታ የምትከፍለው ዋጋ በዝናብ ቶሎ መበስበስ ነው። አይጥን በአብዛኛው የምታገኘው በጆሮዋ ስለሆነ የዝናብና የነፋስ ጩኸት አደኗን ያሰናክለዋል። ዝናብ ለተከታታይ ሌሊቶች ሲዘንብ ጾሟን ታድራለች፤ ሲያባራም ረኃቡ በቀን ብርሃን ያወጣታል። ለፎቶግራፍ አንሺ ይህ የተመኘው ሰዓት ነው፤ ጉጉቲቱ በብርሃን ከፊቱ ትበራለች። ለእርሷ ግን ከሞት ጋር የምትሽቀዳደምበት ሰዓት ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ሰው በመስኩ መካከል ቆሞ ቢያባርራት የሚቀርባት የዕለቱ ምግብ ነው። እንግዲህ የክፉ አየር ምርጥ ፎቶግራፎች አንዳንዶቹ የረኃብ ፎቶግራፎች ናቸው።

ይህ ግንዛቤ ቀስ በቀስ ወደ ሥርዓት ተለወጠ። በ1967 በሼትላንድ ደሴቶች መካከል ፌትላር በተባለችው፣ ነፋስና ጭጋግ በማይለያት ደሴት፣ በረዷማ ጉጉቶች ጎጆ ሠርተው ተገኙ። በብሪታንያ እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አልተመዘገበም ነበር። የወፎች ጥበቃ ንጉሣዊ ማኅበር ጠባቂዎችን አቆመ። ወደ ጎጆው መቅረብ የፎቶግራፍ አንሺው ድፍረት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የፈቃድ ጉዳይ ሆነ። በ1981 የወጣው የዱር እንስሳትና የገጠር ሕግም የጎተራ ጉጉትንና በረዷማ ጉጉትን ጨምሮ የተለየ ጥበቃ የተሰጣቸውን ወፎች በጎጆአቸው ላይ ሆን ብሎ ማወክን ያለ ፈቃድ ወንጀል አደረገው።

ከ1892 እስከ 1981 ባሉት 89 ዓመታት መካከል የተለወጠው መሣሪያው ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ዝናቡና ጨለማው ሰውን ይከለክሉ ነበር፤ መሣሪያው ያንን ክልከላ ሲያነሣው ሰው ለራሱ ክልከላ መሥራት ግድ ሆነበት።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የሳይንስ ስሟ የሀገራችንን የቀድሞ መጠሪያ የያዘ ጉጉት በደጋዎቻችን ትኖራለች፤ በባሌ ተራሮች፣ በዲንሾ ጥድ ሥር፣ ጎብኚዎች ሊያዩአት ይመጣሉ። በሀገራችን ብዙ ቦታ ጉጉት የክፉ ነገር ምልክት ሆና ስትፈራ ኖራለች። አሁን ደግሞ ካሜራ በየኪሱ ገብቷል። ፍርሃቱ ሲለቀን በቦታው የሚገባው ጉጉት ማየት ብቻ ከሆነ ለወፊቱ ያተረፍንላት ጥቂት ነው። ስለዚህ ተማሪዎቼን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ የጉጉት ፎቶግራፍ ባያችሁ ጊዜ ውበቱን ካደነቃችሁ በኋላ ያ ቀን ምን ዓይነት አየር እንደ ነበረ፣ ወፊቱም በልታ እንደ ነበር ጠይቁ።