ያልተጠረዘው ዶክትሬት፦ የኮምፒውተር ሳይንስ ፒኤችዲ ሕጎች ከየት መጡ?

ዴኒስ ሪቺ የሚለውን ስም ሰምታችሁ አታውቁ ይሆናል። ሥራውን ግን ዛሬ ጠዋት ስልካችሁን ስትከፍቱ ተጠቅማችሁበታል። ሲ የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የፈጠረው እሱ ነው። ከኬን ቶምሰን ጋር ሆኖ ደግሞ ዩኒክስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሠርቷል። አንድሮይድ የቆመበት ሊኑክስ በአብዛኛው የተጻፈው በሲ ነው፤ የአይፎን ሲስተምም የዘር ሐረጉ ከዩኒክስ ይመዘዛል። ሁለቱ ሰዎች በ1983 በኮምፒውተር ሳይንስ ትልቅ የሚባለውን የቱሪንግ ሽልማት ተቀብለዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ሰው ግን የፒኤችዲ ዲግሪውን ሳይቀበል ነው የቀረው።

ትምህርቱን አቋርጦ እንዳይመስላችሁ። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ነበር፤ በ1968 የመመረቂያ ጽሑፉን ጨርሷል። የቀረው ነገር አንድ ብቻ ነበር፦ ጽሑፉን አስጠርዞ አንድ ቅጂ ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ማስገባት። በዚያን ጊዜ አብሮት ይማር የነበረውና በኋላ የኤምአይቲ ፕሮፌሰር የሆነው አልበርት ማየር እንደሚያስታውሰው፣ ማስጠረዣው ርካሽ አልነበረም። ሪቺ ደግሞ ጥራዙን የሚፈልገው ቤተ መጻሕፍቱ ከሆነ መክፈል ያለበትም ቤተ መጻሕፍቱ ነው የሚል አቋም ያዘ። በቃ፣ ጥራዙ ሳይገባ ቀረ፤ ዲግሪውም አልተሰጠም።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የሕጉ ወይስ የሪቺ? መልሳችሁን ለጊዜው ያዙት፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን። በመጀመሪያ ግን እንዲህ ዓይነት ሕጎች ከየት እንደመጡ እንይ።

ዝርዝሩ በአንድ ቀን አልተጻፈም

ዛሬ በኮምፒውተር ሳይንስ ፒኤችዲ ለመማር የምትፈልጉ ከሆነ አንድ ረጅም ዝርዝር ይሰጣችኋል፦ ይህን ያህል ኮርስ ውሰዱ፣ የብቃት ፈተና እለፉ፣ ፕሮፖዛል አቅርቡ፣ ምርምራችሁን አሳትሙ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ጻፉ፣ በፈታኞች ፊት ቆማችሁ ተከላከሉ፣ በመጨረሻም ቅጂውን አስገቡ። ሲያዩት አንድ ቢሮ ቁጭ ብሎ በአንድ ቀን ያወጣው መመሪያ ይመስላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ መስመር በተለያየ ዘመን፣ የተለያየ ጥያቄ ለመመለስ የተጨመረ ነው።

ከሁሉም የቆየው በፈታኞች ፊት ቆሞ መከራከሩ ነው። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች መጽሐፍ በእጅ የሚገለበጥ ውድ ዕቃ ነበር። መምህር ለመሆን የሚፈልግ ሰው በአደባባይ ቆሞ አንድ ሐሳብ ያቀርባል፤ ተቃዋሚዎች ይጠይቁታል፤ እሱም ይመልሳል። ዶክተር የሚለው የላቲን ቃል ራሱ ትርጉሙ መምህር ማለት ነው። የዚያን ጊዜው ጥያቄ እንዲህ የሚል ነበር፦ ይህ ሰው የታወቀውን ነገር በደንብ ያውቃል ወይ? አዲስ ነገር አምጣ ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

ሁለተኛው ጥያቄ በጀርመን ጎልቶ ወጣ። በ1810 የተከፈተው የበርሊን ዩኒቨርሲቲ በቪልሄልም ፎን ሁምቦልት ሐሳብ የተመሠረተ ሲሆን፣ መምህሩ ተመራማሪም መሆን አለበት የሚል እምነት ነበረው። በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የዶክትሬት ዋናው ፈተና ቀስ በቀስ ተማሪው በራሱ ምርምር የሚጽፈው ጽሑፍ ሆነ። ጥያቄውም ተቀየረ፦ ይህ ሰው ያልታወቀውን ማሳወቅ ይችላል ወይ? ይህንን ያዩ አሜሪካውያን ሐሳቡን ይዘው አገራቸው ገቡ። ዬል ዩኒቨርሲቲ በ1861 በአሜሪካ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፒኤችዲዎች ሰጠ።

ለእኛ ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የሌላውን ሰው ቅኔ በቃሉ ስለያዘ ብቻ ባለቅኔ አይባልም። የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ በመምህሩ ፊት ማቅረብና እርማቱን መቀበል አለበት። የዶክትሬት ጽሑፍም ነገሩ ያው ነው፦ አዲስ ይሁን፣ ያንተ ይሁን፣ በሚያውቅ ሰው ፊት ይመርመር።

ዶክተር የሌለው ሙያ

አሁን አንድ እንቆቅልሽ ልስጣችሁ። ዶክተር የሚሆነውን ሰው የሚፈትኑት ዶክተሮች ናቸው። እንግዲያው ሙያው ትናንት የተወለደ ከሆነ የመጀመሪያውን ዶክተር ማን ይፈትነዋል?

የኮምፒውተር ሳይንስ መልስ መበደር ነበር። አለን ቱሪንግ በ1938 ከፕሪንስተን ፒኤችዲውን ያገኘው በሒሳብ ነው፤ አማካሪውም የሒሳብ ሊቁ አሎንዞ ቸርች ነበር። በእንግሊዝ አገር ዴቪድ ዊለር በ1951 ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ያገኘው ኤድሳክ የተባለውን ኮምፒውተር ፕሮግራም ስለማድረግ በጻፈው ጽሑፍ ነው። ብዙዎች የመጀመሪያው የኮምፒውተር ሳይንስ ዶክተር ይሉታል፤ የተማረው ግን በካምብሪጅ የሒሳብ ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር።

ሙያው የራሱን ቤት መሥራት የጀመረው በኋላ ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያው የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በ1962 ተከፈተ። ከዚያም ሰኔ 7 ቀን 1965 አንድ የሚገርም ነገር ሆነ። በአንድ ቀን፣ በሁለት የተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሁለት ሰዎች በአሜሪካ የመጀመሪያዎቹን የኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬቶች ተቀበሉ። አንዱ በሴንት ሉዊስ ከተማ ከሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተመረቀው ኧርቪንግ ታንግ ነው። ሁለተኛዋ ከዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የተመረቀችው ሜሪ ኬኔት ኬለር ናት። ሲስተር ኬለር የካቶሊክ መነኩሲት ነበረች። ከዚያ በኋላም በአዮዋ ግዛት በክላርክ ኮሌጅ የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል አቋቁማ ለብዙ ዓመታት መርታለች።

እስቲ አስቡት። እነዚህን ሁለት ተማሪዎች የፈተኗቸው መምህራን ራሳቸው በአገሩ የተሰጠ የኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬት ሊኖራቸው አይችልም፤ ገና አልነበረማ። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ራሳቸው በዚያ ሕግ አላለፉም። እኔ ይህን ሳውቅ ዝርዝሩን የማይበት ዓይን ተቀየረ። መስፈርቶቹ ከሰማይ አልወረዱም፤ ሰዎች እየሞከሩ፣ እየተከራከሩ ያወጧቸው ናቸው።

የሚሠራ ፕሮግራም ይበቃል?

አዲሱን ሙያ የገጠመው ከባድ ክርክር አዲስ እውቀት ምንድን ነው የሚል ነው። በሒሳብ መልሱ ግልጽ ነው፤ ማረጋገጫ ታቀርባለህ። በኮምፒውተርስ?

አይቫን ሰዘርላንድን እንይ። በ1963 በኤምአይቲ ለዶክትሬቱ ያቀረበው ስኬችፓድ የተባለ ፕሮግራም ነበር። በብርሃን ብዕር ስክሪኑ ላይ መስመር ትሥላላችሁ፤ እነዚህ ሁለት መስመሮች ትይዩ ይሁኑ ስትሉት ማሽኑ ራሱ አስተካክሎ ትይዩ ያደርጋቸዋል። ኮምፒውተር በተበሳ ካርድና በወረቀት ጥቅል በሚታዘዝበት ዘመን ይህ ተአምር ነበር። ዛሬ አርክቴክቶችና መሐንዲሶች የሚሥሉባቸው ሶፍትዌሮች አባት እሱ ነው።

ዲግሪውን ያስገኘለት ግን ፕሮግራሙ መሥራቱ ብቻ አይደለም። ጽሑፉ ሥዕሉ በማሽኑ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ሁኔታዎቹ እንዴት እንደሚሟሉ፣ የቱ እንደሠራና የቱ እንዳልሠራ ያስረዳ ነበር። ሌላ ሰው በሌላ ማሽን ላይ ሊደግመው ይችላል። እኔ የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ ይህ ልዩነት ይገባኛል። ድልድይ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ ድልድዩ ለምን እንደማይወድቅ ሌላው መሐንዲስ እንዲጠቀምበት አድርጎ መጻፍ ሌላ ነገር ነው። ኮዴ ይሠራል ማለት ለፒኤችዲ የማይበቃው ለዚህ ነው።

የሞቱ ሕጎችና በሕይወት ያሉ ሕጎች

ከዝርዝሩ የወጡ ነገሮችም አሉ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአሜሪካ የዶክትሬት ተማሪ፣ የሳይንስም ቢሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የውጭ ቋንቋ ማንበብ እንደሚችል በፈተና ማሳየት ነበረበት። የተለመዱት ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛና ሩሲያኛ ነበሩ። ምክንያት ነበረው፤ ብዙ ሳይንስ የሚጻፈው በእነዚህ ቋንቋዎች ነበር። እንግሊዝኛ የሳይንሱን ዓለም እየጠቀለለ ሲሄድ ግን ተማሪዎች ፈተናውን አልፈው ከዚያ ወዲያ አንድም ገጽ በቋንቋው የማያነቡ ሆኑ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ በአንድ ሕጉን አነሱት። ጥያቄው ሞተ፤ ሕጉም ዘግየት ብሎ ተከተለው።

የተጨመሩም አሉ። በብዙ ሙያዎች ትልቁ የምርምር መድረክ ጆርናል ነው። የኮምፒውተር ሰዎች ግን ጆርናል እስኪወጣ ድረስ ነገሩ ያረጅብናል ብለው ኮንፈረንስን ዋና መድረካቸው አደረጉት። ጽሑፉ ይገመገማል፣ ብዙው ይጣላል፣ ያለፈው በጥቂት ወራት ውስጥ ይታተማል። ሌሎች ሙያዎች ይህን እንደ ዝቅተኛ ነገር ያዩት ስለነበር፣ በ1999 የአሜሪካው የኮምፒውቲንግ ምርምር ማኅበር የኮምፒውተር ሰዎችን ስትመዝኑ የኮንፈረንስ ሥራቸውንም ቁጠሩ የሚል ምክረ ሐሳብ አወጣ። ዛሬ አማካሪ ተማሪውን ለየትኛው ኮንፈረንስ እያዘጋጀህ ነው ብሎ የሚጠይቀው ከዚህ ታሪክ የተነሳ ነው።

የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ልማድ ደግሞ ለብቻው የሚነገር ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ መምህራን በዓመት ሁለት ጊዜ ተሰብስበው ስለ እያንዳንዱ የዶክትሬት ተማሪ ይወያያሉ። ከዚያ ተማሪው የት እንዳለና ምን እንደሚጠበቅበት የሚገልጽ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ተማሪዎቹ ቀኑን ጥቁር አርብ ይሉታል። ያስፈራል አይደል? ግን የሚመልሰውን ጥያቄ ተመልከቱ፦ ከአንድ አማካሪ ጋር ብቻ ተቀምጦ፣ ማንም ሳያየው ዓመታት የሚባክንበት ተማሪ አለ ወይ? ስሙ ቢያስፈራም ሕጉ ተማሪውንም ይጠብቃል።

ወደ ሪቺ ስንመለስ

አሁን ያ የተጠረዘ ቅጂ ምን ጥያቄ ለመመለስ እንደተጠየቀ መገመት ትችላላችሁ። ዶክትሬት ለሰው ልጅ እውቀት የሚጨመር ነገር ነው ካልን፣ ሌላው ሰው ሊያገኘው ይገባል። በ1968 ኢንተርኔት አልነበረም። መደርደሪያ ላይ የሌለ ጽሑፍ ለሌላው ሰው እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

የሆነውም ይኸው ነው። የሪቺ ጽሑፍ የሚጠይቀው ነገር ግሩም ነው፦ የአንድን ፕሮግራም አወቃቀር ብቻ አይተን ምን ያህል ጊዜ ሊፈጅ እንደሚችል ማወቅ እንችላለን ወይ? አንድን ሥራ 1,000 ጊዜ የሚደግም ሉፕ አስቡ። በውስጡ ሌላ እንዲህ ያለ ሉፕ ብታስገቡ ድግግሞሹ 1,000,000 ይሆናል፤ ሦስተኛ ብትጨምሩ 1,000,000,000። ሪቺ የመረመረው ሉፖች አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገቡበት ጥልቀት ለፕሮግራሙ ጊዜ ጣሪያ እንዴት እንደሚያበጅለት ነው። ከፊሉን ሐሳብ ከማየር ጋር በ1967 በኮንፈረንስ አቅርበውት ነበር። ሙሉው ጽሑፍ ግን ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ከአንባቢ ርቆ ኖረ። በካሊፎርኒያ የሚገኘው የኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም ዲጂታል ቅጂውን ለሕዝብ ያወጣው በ2020 ነው። ሪቺ በ2011 ስላረፈ ያን ቀን አላየም።

ስለዚህ የእኔ መልስ ይህ ነው። የሕጉ ምክንያት ትክክል ነበር፤ የፈራው ነገር ደርሷል። ሪቺም ግን የጠየቀው የጅል ጥያቄ አልነበረም። እውቀቱ ለሁሉም ከሆነ ወጪው ለምን በአንድ ተማሪ ትከሻ ላይ ይወድቃል? ዛሬ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከጥራዝ ይልቅ ፋይል ይቀበላሉ። ምክንያቱ ሳይሞት ቅርጹ ተቀይሯል።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። ሪቺ ከ1967 ጀምሮ ቤል ላብስ ተቀጥሮ ይሠራ ስለነበር ወረቀቱ ባይኖረውም እንጀራው አልተነካም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማስተማር ለሚፈልግ ሰው ግን ያ ወረቀት በሩ ነው።

አንድ ቀን እንዲህ ያለ ዝርዝር እጃችሁ ሲገባ፣ የዶክትሬት ይሁን የሌላ ትምህርት፣ እያንዳንዱን መስመር ሁለት ነገር ጠይቁት። የተወለድከው የትኛውን ጥያቄ ለመመለስ ነው? ጥያቄው ዛሬም አለ ወይ? ጥያቄው ካለ ሕጉን አክብሩት፤ ቅርጹ ካረጀ እንዲታደስ ተከራከሩ። ጥያቄው ከሞተ ሕጉ እንዲነሳ ጠይቁ፤ ሰዎች ስለጠየቁ ነው የቋንቋው ፈተና የቀረው። እየተከራከራችሁም ቢሆን ግን ማስጠረዣውን ክፈሉ። የጻፋችሁትን የሚፈልግ ሰው 50 ዓመት አይጠብቅ።